ለጋሽ ነጎድጓድ ሳል የፈላ ጦስኝ

ቅጠል የሚባል ነገር ያስጠላታል። ባለፈው አንድ ወር መቅረጫ ክፍሏ ያልገባ ሥር፣ ያልገባ ፍሬ፣ ያልገባ ቅጠል የለም፤ ዝንጅብሉ በየዓይነቱ፣ አብሹ፣ ናናው፣ ቀረፋው፣ በማር የተለወሰው ነጭ ሽንኩርት፣ ያመጣው ሰው እንኳ ስሙን የማያውቀው አንድ ጥቁር ነገርም ሳይቀር። ክፍሉ የውጭ ድምፅ እንዳይገባበት ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ፣ መስኮት የሚባል የሌለው ነውና አንዴ የገባ ሽታ መውጫ የለውም። ጠዋት በሩን ስትከፍት የሚቀበላት የቅመም መጋዘን ሽታ ነው። «ለአንድ ሳል ይህን ያህል ከተጠጣ፣ የሳንባ ምች ቢሆን ኖሮ ጫካ ልንጨርስ ነበር» ትላለች፤ ማን እንደሚሰማት ግድ የላትም።

ቢሮው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «መቀስ» ነው የምትባለው። አንድም በሥራዋ ነው። በዚህ ቤት ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጻሕፍት በድምፅ ይቀረጻሉ። አንባቢው ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጦ ያነባል፤ እሷ ከመስታወቱ ወዲህ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ በሌላ ቅጂ ትከታተላለች። አንባቢው የተሳሳተበት፣ ያስነጠሰበት ወይም ሳል የያዘው ቦታ ላይ በቀይ እርሳስ ምልክት ታደርጋለች፤ ኋላ ተመልሳ ቆርጣ ትጥለዋለች። አንድም በምላሷ ነው። ስለ ምላሷ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ራሱ ይናገራል።

ሳሉ የጋሽ ነጎድጓድ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያነበቡ ሰው ናቸው፤ ስሙም የወጣላቸው በድምፃቸው ነው። እሳቸውን እየሰሙ የተማሩ ልጆች ዛሬ ጠበቃም መምህርም ሆነዋል፤ መንገድ ላይ «ይቅርታ፣ ያሳልፉኝ» ሲሉ የሰማ ሰው በዚያች ብቻ ለይቷቸው እጃቸውን ይዞ አልለቅም ያለበት ጊዜ ብዙ ነው። መቀስ በዓለም ላይ የማትንቀው ሰው ቢቆጠር ከአንድ እጅ ጣት አይበልጥም፤ ጋሽ ነጎድጓድ አውራ ጣቱ ነበሩ። ነበሩ፣ ሳሉ እስኪመጣ።

ከአንድ ወር በፊት ደረቅ ሳል ያዛቸው። አንድ ገጽ ያነባሉ፣ እህ እህ። ግማሽ ገጽ ያነባሉ፣ እህ እህ እህ። መሐረባቸውን ከኪሳቸው መዘው፣ ፊታቸውን ሸፍነው ጠረጴዛው ላይ ይደፋሉ፤ ከዚያ ቀና ብለው ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላሉ። እየተነበበ ያለው ደግሞ የዓለም ታሪክ መማሪያ ነው፤ አምስት መቶ ገጽ ሆኖ፣ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት አልቆ ትምህርት ቤቱ መድረስ አለበት። ዳይሬክተሩ ቁርጡን ተናግሯል። እስከ አርብ ሳሉ ካልለቀቃቸው መጽሐፉ ለሌላ አንባቢ ይሰጣል፤ ጋሽ ነጎድጓድም ጡረታቸውን ይዘው ቤታቸው ይቀመጣሉ። ሌላው አንባቢ የሳሙና ማስታወቂያ የሚሠራ ጎረምሳ ነው፤ የጦርነት ታሪክ ሲያነብ እንኳ የሆነ ነገር ግዙልኝ የሚል ይመስላል።

የቅጠሉ ሁሉ እናት ጸሐፊዋ ናት። በየጠዋቱ ፔርሙዟን እንደ ሕፃን አቅፋ ትመጣለች። የኮምፒውተሯን አቧራ ሳትጠርግ የጋሽ ነጎድጓድን ኩባያ ታጥባለች።

«ዛሬ ዝንጅብሉ ላይ ቅርንፉድ ጣል አድርጌበታለሁ» አለች አንድ ቀን።

ማታ ልትወጣ ስትል በመቅረጫ ክፍሉ በር አንገቷን አስገባች። «እህ፣ እንዴት ዋሉ? ትናንት ስንት ጊዜ ነበር ያሳላቸው?»

«ሠላሳ አራት» አለች መቀስ።

«ዛሬስ?»

«ሠላሳ ስድስት። ሁለቱ የቅርንፉዱ ናቸው።»

ጸሐፊዋ ከንፈሯን መጠጠች። «አንቺ እኮ በሽታው ላይ ከመፍረድ መድኃኒቱ ላይ ትፈርጃለሽ። ቅጠል ትዕግሥት ይፈልጋል።»

«ትዕግሥት ካለኝ ቅጠሉ ምን ያደርግልኛል? ሳል እንደሆነ በትዕግሥት ብቻውንም ይለቃል።»

ነገሩ በጸሐፊዋ ቢያልቅ ምን ነበረበት። የቢሮው ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። የበሩ ጥበቃ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ ጋሽ ነጎድጓድን በፎጣ ሸፍኖ ካጠናቸው በኋላ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ወጣ፤ ያን ቀን እንዲያውም አርባ ሞሉ። የጽዳት ሠራተኛዋ የሽንኩርት ጭማቂ በስኳር አመጣች። ለሥራ ጉዳይ ብቅ ያለ እንግዳ ሰው ኮሪደር ላይ ሳሉን ሰምቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ የአክስቱን ሳል ታሪክ ከነመፍትሔው ነግሮ ሄደ። መቀስ ይህን ሁሉ ስታይ ልቧ ውልቅ ይላል። መኪና ሲበላሽ መካኒክ የሚጠራ ሰው፣ ጉሮሮ ሲሆን ጊዜ ሁሉም ባለሙያ ነው።

የበለጠ የሚያበሽቃት ግን ሰውዬው ራሳቸው ናቸው። የመጣውን ሁሉ ይጠጣሉ። «ተባረኪ ልጄ» ይላሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጨልጡታል፤ ፊታቸው እንደ ተጨመቀ ሎሚ ይኮማተራል። «አሁንስ ለቀቀኝ መሰለኝ» ይላሉ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ፣ እህ እህ። ያን የመሰለ ድምፅ ያለው ሰው በየሰው ፔርሙዝ እጁን ሲሰጥ ማየት ክብር የሚቀንስ ሆኖ ታያት። እያደር ናቀቻቸው። ንቀቷን ደግሞ ደብቃ የምታውቅ ሴት አይደለችም፤ ኩባያውን ስታቀብላቸው በሁለት ጣቷ ይዛ ነው።

ሰኞ ዕለት ዳይሬክተሩ ጠራትና ሳሉ እየቀነሰ ነው ወይስ እየባሰ በጽሑፍ አቅርቢልኝ አላት። እንደዚህ ያለ ሥራ ተሰጥቷት አያውቅም። ሰንጠረዥ አወጣች፤ ቀን፣ የተጠጣው ቅጠል፣ የሳሉ ብዛት። ጸሐፊዋ ያፈላችው አንድም ሳትቀር ገባች። ዝንጅብል ብቻውን፣ ሠላሳ አራት። ዝንጅብል በቅርንፉድ፣ ሠላሳ ስድስት። አብሽ፣ ሠላሳ ሁለት። ናና፣ ሠላሳ አምስት። እየጻፈች ብቻዋን ትስቅ ነበር።

ረቡዕ ጦስኝ መጣ።

ረቡዕ የተነበበው ምዕራፍ ዘጠኝ ነው። ይህ ምዕራፍ መጽሐፉ ሲጠረዝ ተዘሎ የቀረ በመሆኑ አሳታሚው በልቅ ወረቀት አትሞ ነበር የላከው። ጋሽ ነጎድጓድ ጦስኙን ጠጡ፣ ወረቀቱን አስተካከሉ፣ ጀመሩ። አንድ ገጽ። ሦስት ገጽ። አሥር ገጽ። መቀስ ቀይ እርሳሷን እንደያዘች ቀረች። ያ ድምፅ እንደ ጥንቱ ሆኖ ይንከባለል ጀመር፤ ነገሥታቱ ሲወድቁ ክፍሉ የሚናወጥ መሰላት። ምዕራፉ ከዳር እስከ ዳር ያለ አንዲት ሳል አለቀ።

ጸሐፊዋን የሚችላት ጠፋ። ኮሪደሩን በእልልታ መሙላት ብቻ ነው የቀራት። «ጦስኝ! ጦስኝ ነው ብዬ ነበር! ደረቅ ሳል ከጦስኝ ሌላ የሚፈራው የለም!» አለች። እንዲህ ብላ እንደማታውቅ፣ እስከ ትናንት አብሽ እየደገመች እንደነበር ቢሮው ሁሉ ያውቃል፤ ግን ማን ይከራከራታል? ጥበቃው ለሚስቱ ጦስኝ ሊገዛ ወጣ። መቀስ ሰንጠረዡ ላይ «ጦስኝ፣ ዜሮ» ብላ ስትጽፍ እርሳሱ በእጇ ላይ ተሰበረ።

«እንግዲህ ምን ትያለሽ?» አለቻት ጸሐፊዋ፣ በሩ ላይ ተደግፋ።

«ነገ እናያለን እላለሁ።»

ነገም መጣ፤ ሐሙስ። ጦስኙ በእጥፍ ፈላ። ጋሽ ነጎድጓድ ወደ መጽሐፉ ተመልሰው ምዕራፍ አሥርን ከፈቱ፤ ገና በመጀመሪያው ገጽ፣ እህ እህ። እስከ እኩለ ቀን አርባ አንድ ደረሱ። ጸሐፊዋ ምክንያት አላጣችም። «ውሃው ነው፤ የትናንቱ የታሸገ ውሃ ነበር።»

«አዎ፤ ጦስኙ የቧንቧ ውሃ ይጠየፋል» አለቻት መቀስ። ደስ አላት። በእውነት ደስ አላት፤ ይህ ኋላ የሚቆጫት ነገር ነው። ሪፖርቱን አጠናቀቀች፤ ከታችም እንዲህ የሚል ጨመረች፦ «ከላይ የተዘረዘሩት ቅጠላ ቅጠሎች ለሳሉ ምንም አልፈየዱም፤ የረቡዕ ዕለቱ ያለ ምክንያት የሆነ ነው። መጽሐፉ በጊዜው እንዲያልቅ አንባቢው ቢቀየር ይሻላል።» ፈርማ ወስዳ ለዳይሬክተሩ ሰጠችው።

ዳይሬክተሩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አነበበ። «ጥሩ። ነገ ጠዋት መጥቼ ራሴ አዳምጬ እወስናለሁ። እንዲህ ከሆነ ሰኞ አዲሱ ይጀምራል።» ሠላሳ አንድ ዓመት በሁለት ዓረፍተ ነገር አለቀ። እሷም ምሳዋን ልትበላ ወጣች።

ከምሳ በኋላ ምዕራፍ አሥርን ልትቆርጥ ተቀመጠች። ገጾቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። ቀይ ምልክቱ ገጹን ሁሉ አላለበሰውም፤ ከታች ከታች ተከማችቷል። ማብራሪያው በደቃቅ ፊደል የተጻፈበት ቦታ ላይ። ከካርታው ሥር ያለችው ጽሑፍ ላይ። የዓመተ ምሕረቶቹ ዝርዝር ላይ። ወደ ምዕራፍ ስምንት፣ ወደ ምዕራፍ ሰባት ተመለሰች፤ እንደዚያው ነው። ከዚያ የምዕራፍ ዘጠኝን ልቅ ወረቀቶች አወጣች። ረቡዕ ልብ አላለችውም እንጂ አሳታሚው ፊደሉን ያለ ልክ አጉልቶት ኖሯል፤ ክንዷን ዘርግታ እንኳ ማንበብ ትችላለች።

ማዳመጫዋን ደፍታ ሳሎቹን ብቻ አንድ በአንድ አዳመጠቻቸው። ሳል የያዘው ሰው ቃል መሃል ላይ ይቋረጣል፤ «መንግ» ብሎ «ሥት»ን ሳይጨርስ። ከዚህ ሁሉ ሳል ግን ቃል ያቋረጠ አንድም የለም። ሁሉም ቃሉ እስኪያልቅ ጠብቆ፣ መስመሩ እስኪደርስ ታግሦ የመጣ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት «ጆሮዬን የሚያታልል አልተፈጠረም» እያለች የኖረች ሴት፣ ወር ሙሉ የውሸት ሳል ቆጥራ፣ በሰንጠረዥ አስገብታ፣ ፈርማ ሰጠች። በጆሯቸው የሚኖሩ ሰዎች ሆኑና በዚህ ቢሮ ሁሉም ሳሉን ሰማ፤ የሰውዬውን ዓይን አንድ ሰው እንኳ አላየም።

ተነስታ የመቅረጫ ክፍሉን በር ቀስ ብላ ከፈተች። ጋሽ ነጎድጓድ የነገውን ምዕራፍ እየተለማመዱ ነበር። መጽሐፉን ጉንጫቸው ላይ ሊለጥፉት ምንም አልቀራቸውም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በዓይናቸው ጥግ ያነባሉ። ሳል የለም።

«ጋሼ፣ ብቻዎን ሲሆኑ አያስልዎትም?»

መጽሐፉ ከእጃቸው ወደቀ። እጃቸው ወደ መሐረባቸው ሄደ፤ ከዚያ ምን ያደርግልኛል እንዳሉ ሁሉ መልሰው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት።

«በሩን ዝጊው» አሉ።

ዘጋችው።

«መሃሉ ነው የጠፋብኝ። ዳር ዳሩን አያለሁ። አሁን ያንቺን ጆሮ አያለሁ፤ አፍንጫሽ የለም።»

«ሐኪም ዘንድ አልሄዱም?»

«ሁለት ዘንድ ሄጃለሁ። አንደኛው መድኃኒት የለውም አለኝ። ሁለተኛው ቁጭ በሉ ብሎ፣ ወንበር ስቦልኝ፣ መድኃኒት የለውም አለኝ።»

«ሳሉስ ታዲያ?»

«ፊደሉ ትልቅ ሲሆን እንደምንም እይዘዋለሁ። ሲደቅ ግን መስመሩ ይጠፋኛል፤ ጎንበስ ብዬ እስካገኘው ዝም ብል ትጠይቂኛለሽ። ሳል የያዘውን ሰው ግን ማን ምን ይለዋል?»

«ያንን ሁሉ ዝንጅብል!» አለች መቀስ፣ ከሁሉ ቀድሞ አፏ ላይ የመጣላት እሱ ሆኖ።

«ዝንጅብል ከልጅነቴ ጀምሮ አልወድም» አሉ ጋሽ ነጎድጓድ። «ጦስኙ ደግሞ ይብሳል። ብርድ ልብስ የታጠበበት ውሃ ነው የሚመስለኝ።»

«ለምን አልተናገሩም? ለእኔ እንኳ?»

«ሳል ያዘኝ ስል ሰው ሁሉ ፔርሙዝ ይዞልኝ መጣ። ዓይኔ ሄደ ብል ይዞልኝ የሚመጣው የጡረታ ወረቀት ነው። ላንቺ ደግሞ…» ትንሽ ፈገግ አሉ። «ላንቺ የሚነግር ደፋር ማን አለ?»

ይህችኛዋ አጥንቷ ድረስ ገባች።

«ሦስት ምዕራፍ ነው የቀረኝ» አሉ። «ይህን መጽሐፍ ልጨርስ። ከዚህ በኋላ እኔም ከአድማጮቹ ወገን ነኝ፤ የመጨረሻውን ሥራዬን ያ የሳሙና ልጅ ጨርሶት እንዳልሰማው ነው።»

«ሪፖርት ሰጥቻለሁ ጋሼ። ይቀየሩ ብዬ ጽፌያለሁ።»

«ሰምቻለሁ። ስፖንጅ ያለው ይህ ክፍል ነው፤ የዳይሬክተሩ ግድግዳ ባዶውን ነው።» ቁጣ ቢኖርበት ይሻላት ነበር፤ አልነበረበትም።

የቀሩትን ሦስት ምዕራፎች አንስታ ወደ ፎቶኮፒ ማሽኑ ሄደች። ማሽኑ ያለው ጸሐፊዋ አጠገብ ነው። አንዱን ገጽ ለሁለት እየከፈለች በትልቅ ወረቀት ላይ አጉልታ ታባዛ ጀመር።

«ምን ልትሆኚበት ነው ይህን ያህል የምታሳድጊው?» አለች ጸሐፊዋ።

«ዓይኔን እየደከመኝ ነው።»

«ኧረ በሞትኩት! ካሮት፣ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ…»

ሌላ ቀን ቢሆን ጸሐፊዋ ከነካሮቷ አልቆላት ነበር። መቀስ ምላሷን ነክሳ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት፤ ስንት ካሮት እንደሆነም ጠየቀች።

አርብ ጠዋት ዳይሬክተሩ ሪፖርቱን ይዞ መጥቶ ከመስታወቱ ወዲህ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጸሐፊዋ ጦስኙን ለጋሽ ነጎድጓድ አቀብላ ወጥታ ከኋላው ቆመች፤ ጥበቃው ሳይቀር በሩን ትቶ አንገቱን አስግጓል። ጋሽ ነጎድጓድ ትልልቆቹን ወረቀቶች እየገለጡ አነበቡ። ካርታውም አለፈ፣ ማብራሪያውም አለፈ፣ የዓመተ ምሕረቱ ዝርዝርም እንደ ውሃ ወረደ። አንድ ሙሉ ምዕራፍ፤ ሳል የለም። ሲጨርሱ መቀስ ወደ ዳይሬክተሩ ስትዞር የመነጋገሪያውን ቁልፍ መዝጋት ረሳች፤ የሚባለው ሁሉ ወዲያ ይሰማል።

ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አንዴ፣ እሷን አንዴ አየ። «ሳሉ ረቡዕ ተዋቸው፣ ሐሙስ መጣ፣ ዛሬ ተዋቸው። ሰኞ ተመልሶ ቢመጣስ? አንቺ ራስሽ ቅጠሉ ምንም አልፈየደም ብለሽ ፈርመሻል። ታዲያ ምኑን አምኜ ልተዋቸው?»

እውነቱን ብትናገር ጋሽ ነጎድጓድ ከምሳ በፊት ቤታቸው ናቸው። ዝም ብትልም ሰኞ ቤታቸው ናቸው። የቀራት አንድ መንገድ ነበር፤ እሱም ጸሐፊዋ በቆመችበት በኩል ያልፋል።

«ጦስኙ ነው» አለች።

«ምን?»

«ጦስኙ ነው ያዳናቸው። ሐሙስ ውሃው ነው ያበላሸው፤ በታሸገ ውሃ ሲፈላ ግን ፍቱን ነው። አይመለስም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤ ሪፖርቱን ይቅደዱት።»

የጸሐፊዋ ደረት ቀስ በቀስ ሲነፋ ይታይ ነበር። «እስቲ ድገሚው» አለች፤ «ጥበቃው አልሰማም።»

መቀስ ፊቷ እንደ እሳት ጋለ። ይህን ነገር እስከ ጡረታዋ በየሻይ ሰዓቱ እንደምትሰማው፣ በዚህ ቢሮ ከእንግዲህ ማንም ሲያስለው ለምስክርነት የምትጠራው እሷ እንደምትሆን አወቀች። «ጦስኝ ነው» አለች ጮክ ብላ። «ጸሐፊዋ ልክ ነበረች።»

ዳይሬክተሩ ሪፖርቱን ለሁለት ቀደደው። «እንግዲያው ይጨርሱ» ብሎ ወጣ።

ከመስታወቱ ወዲያ ጋሽ ነጎድጓድ ሁሉንም ሰምተዋል። ከወንበራቸው ተነሱ፤ ኩባያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያንን የሚጠሉትን ጦስኝ እስከ አተላው ጨለጡት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ዝቅ ብለው እጅ ነሱ፤ በሕይወታቸው ለማንም እንዲህ ሲያደርጉ ታይተው አያውቁም። ግን ከዚያ ርቀት ማን ማን እንደሆነ አይለዩም ነበርና የነሱት ለጸሐፊዋ ነው። ጸሐፊዋም ዓይኗ እንባ ሞልቶ መለሰችላቸው። መቀስ ከጎን ቆማ አየቻቸው፤ ከዚያ ማዳመጫዋን ደፍታ የሚቀጥለውን ምዕራፍ ለመቅረጽ ቁልፉን ተጫነች።